የመምህር በሬ ጅራት

«ተረት ተረት» ብዬ ልጀምር ነበር፤ ነገር ግን የተከበሩ መምህርን ገመና የሚያወጣ ስለሆነ፣ አስቀድሜ አንገቴን ደፍቼ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

መምህሩ በሬ ነበሩ። ከተማሪዎቻቸው አንዷ፣ የፍየል ግልገል፣ ለደቂቃ እንኳ ቁጭ ማለት አቃታት። «ወላጅ አምጪ!» ተባለች። እናቷ መጥታ፣ ክፍሉ ሁሉ እያያት፣ በሐፍረት መሬት መሬቱን ታይ ጀመር።

«ወይዘሮ ፍየል፣ ልጅዎ አርፋ ካልተቀመጠች ከነገ ጀምሮ እንዳትመጣብኝ» አሉ በሬው፣ ጅራታቸውን ግራና ቀኝ እያወናጨፉ።

«ጋሼ፣ የእርስዎስ ጅራት ለምን አያርፍም?» አለች ግልገሏ።

«አንቺ ልጅ፣ ኧረ አታዋርጂኝ!» አለች እናቷ።

«ዝንብ ነዋ!» አሉ በሬው።

«እኔም ዝንብ አለብኝ። የእኔ ጭንቅላቴ ውስጥ ነው እንጂ።»

ክፍሉ ሳቀ። በሬው ተቆጡ።

«ጨዋ ሰው ዝንብ ቢወረውም ንቅንቅ አይልም፤ እዩኝ!» ብለው ጅራታቸውን እግራቸው መሃል ወትፈው ቁጥር ማስቆጠር ጀመሩ። ወዲያው አንድ ዝንብ አፍንጫቸው ላይ፣ ሌላው ዓይናቸው ጥግ ላይ አረፈ።

«አንድ!»

«አንድ!» አሉ ተማሪዎቹ።

«ሁለት!»

«ሁለት!»

«ዝንብ!»

«ዝንብ!» አለ ክፍሉ በአንድ ድምፅ።

አሁን መሬት መሬቱን የሚያዩት መምህሩ ሆኑ።

ከዚያ ቀን ወዲህ በየትምህርቱ መሃል፣ ሳያልቅባቸው፣ «ጠመኔ አለቀብኝ» ይላሉ። ጠመኔ ከሚቆፈርበት ከማዶው ጉብታ ሮጣ የምታመጣው ግልገሏ ናት፤ ተመልሳም ትቀመጣለች።

ተረቴን መልሱልኝ አልልም። እባካችሁ ለማንም አትድገሙት፤ መምህሩ አሁንም ያስተምራሉ፣ ጅራታቸውም እንደ ድሮው ነው።