«ፀሐይ አስገባልኝ» ያለው ምሰሶ

እሺ በሉኝና ልጀምር። አላላችሁም፤ ግን እንዳላችሁ ቆጥሬዋለሁ።

ድሮ ድሮ፣ ድንጋይ አፍ፣ እንጨት ምላስ በነበረው ዘመን፣ በአንድ ኮረብታማ ከተማ አንድ የድንጋይ ቤት ነበር። ድሮ ስል ሶላር የሚባለው ነገር ወደዚያ ከተማ በገባ ሰሞን ማለቴ ነው፤ የኔ ድሮ ቅርብ ነው። ግድግዳው ድንጋይና ጭቃ፣ ጣራው ያረጀ ቆርቆሮ፣ መሐሉ ላይ ደግሞ ቤቱን ሁሉ የተሸከመ አንድ የጽድ ምሰሶ ቆሞ ነበር። ምሰሶው ከመወፈሩ የተነሣ እሱን ለመዞር የፈለገ ሰው ስንቅ ይቋጥር ነበር። ሳቁ፤ እኔ ግን አይቼዋለሁ።

ቤቱን የሠራው አናጢ ሦስት መስኮት አውጥቶለታል፤ አንዷ የጠዋት፣ አንዷ ከጣራው ሥር የቀትር፣ አንዷ የማታ። ፀሐይ በሦስቱም ትገባለች፤ ግድግዳውን ትዳስሳለች፣ የምሰሶውን እግር አድርቃ ትሄዳለች። ቤቱ ከብርሃኑ ብዛት የተነሣ ቁንጫ ስታልፍ ጥላዋ ግድግዳ ላይ ይታይ ነበር።

«እንደምን አደርክ፣ ሽማግሌው?» ትለዋለች ፀሐይ።

«አንቺ እንደምትመጪ እያወቅሁ እንዴት ክፉ አድራለሁ» ይላታል ምሰሶው።

ቤቱ በውርስ ለባሻ ዘገየ ደረሰ። ባሻ ዘገየ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ንፋስ ግን ይፈራል። ጎረቤት እሳት ሲያራግብ እሱ ጋቢ ይደርባል። አንድ ቀን አንገቱ አልዞር አለውና «ይቺ መስኮት ናት ያስመታችኝ» ብሎ የጠዋቷን በድንጋይና በጭቃ ደፈናት። ሚስቱን እትዬ ስንዱን ጥርሷን ሲያማት የማታዋን ደፈናት። የቀትሯን የደፈናት ግን ማንም ሳይታመም ነው፤ «ሁለቱን ዘግቶ አንዷን መተው ንፋሱን ማናደድ ነው» ብሎ።

በማግስቱ ፀሐይ መጣች። ዞረች፣ ዞረች፣ መግቢያ አጣች። «ሽማግሌው፣ ሽማግሌው» ብላ ተጣራች። ድንጋዩ ወፍራም ነውና ምሰሶው አልሰማትም።

ቤቱ ሲጨልም ምስጥ መጣች። ምስጥ ፀሐይ ባለበት ዝር አትልም፤ ጨለማና እርጥበት ካገኘች ግን ዘመድ አዝማዷን ሁሉ ትጠራለች።

«ጌታዬ፣ እግርዎን ትንሽ ልከክልዎ?» አለችው ምሰሶውን።

«ጥርስሽ ተሰማኝ እኮ።»

«መሳሜ ነው፣ ጌታዬ። እኛ ቤት መሳም እንዲህ ነው።»

ምሰሶው ለባለቤቱ ተናገረ። «ባሻ፣ እግሬን በላኝ።»

«እኔንም ጀርባዬን ሲበላኝ ነው የሰነበተው» አለ ባሻ ዘገየ። መጥረጊያ አንሥቶም የምሰሶውን እግር አከከለት። ምስጧ ከእንጨቱ ውስጥ ሆና ሳቀች።

ከረመና ምሰሶው ደግሞ ተናገረ። «ባሻ፣ ዓይኔን ግለጥልኝ፤ ጨለመብኝ።»

«ዓይኑን ታሟል» አለ ባሻ። ጠበል አምጥቶ ከላይ እስከ ታች ረጨው።

«ኧረ አንተ ሰው፣ እንጨት በውኃ ይድናል እንዴ?» አለችው እትዬ ስንዱ።

«አንቺን ነበር መርጨት፤ እምነት የጎደለሽ አንቺ ነሽ።»

ግድግዳው ራሰ፣ ወለሉ ራሰ። ለምስጧ ሠርግና ምላሽ ሆነላት።

በመጨረሻ ምሰሶው በሰለለ ድምፅ፣ «ባሻ፣ በሞቴ፣ ፀሐይ አስገባልኝ» አለው።

በዚያ ሰሞን ጣራው ላይ ሶላር ያወጣ ሰው ሁሉ «ፀሐይ አስገባን» ነበር የሚለው። የባሻ ዘገየ ፊት በራ። «አንተ ሽማግሌ፣ ለካ ዘመናዊ ነህ። ይህንንማ እኔም ስመኘው ነበር።» ሄዶ የበር መዝጊያ የምታህል ሶላር በበቅሎ አስጭኖ መጣ። የበር መዝጊያ አልኩ እንዴ? አውድማ ነው የምታህለው።

ሶላሯ ገና ከበቅሎው ሳትወርድ ቤቱን አየችና ደነገጠች። «አባቴ፣ ይህ ጣራ አርጅቷል፤ አይችለኝም። ግቢው ውስጥ እንጨት ይትከሉና እዚያ ያስቀምጡኝ። ለእኔ ፀሐይ እዚያም ትደርሰኛለች።»

«ግቢ ውስጥ ማን ያይሻል?» አላት ባሻ። «የላይ ሰፈር ሰው ሁሉ ሊያይሽ ይገባል።»

«እኔ ላበራ እንጂ ልታይ አልመጣሁም።»

«ነገረኛ ናት ይቺ» ብሎ ጣራው ላይ አወጣት። ሚስማር ተመታ፣ ቆርቆሮው ተበሳ፣ ቤቱ አቃሰተ።

ከሶላሯ ጋር የመጣችው አምፖልም ቤት ውስጥ በራች። ያን ጊዜ ባልና ሚስቱ የምሰሶውን እግር አዩት። ያ ስንቅ የሚያስቋጥር ምሰሶ ከታች ዘነዘና አክሏል።

ምሰሶው ቀና ብሎ አምፖሏን አያት። «አንቺ የፀሐይ ልጅ ነሽ?»

«የልጅ ልጇ ነኝ።»

«እንኳን መጣሽ። እግሬን ታደርቂልኛለሽ?»

«ማድረቅ የምታውቅ አያቴ ናት» አለችው አምፖሏ። «እኔ የምችለው ማሳየት ነው።»

እትዬ ስንዱ ዶማ አነሣች። «ፀሐይ አስገባልኝ ያለህ መስኮቱን ክፈትልኝ ሲልህ ነው። በላኝ ያለህም ምስጥ ነው። አንተ ሰው፣ ይህን ሁሉ ጊዜ ሲነግረን አልሰማነውም።»

ባሻ ዘገየ የተደፈነችውን መስኮት በእጁ ዳሰሰ። ገባው። ውጭ ግን ይነፍስ ነበር። «ዛሬን እንለፈው» አላት። «ንፋሱ ሲረጋ እንከፍታለን።»

የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናብ ጣለ። ማጋነን እንደምወድ ታውቃላችሁ፤ እዚህ ላይ ግን የምጨምረው የለኝም። ዝናቡ መካከለኛ ዝናብ ነበር። በሚስማሩ ቀዳዳ ገብቶ በምሰሶው ወገብ ላይ ወረደ።

«ውጡ» አለ ምሰሶው።

ይህችን ቃል ባሻ ዘገየ እንደተባለች ሰማት። የሚስቱን እጅ ይዞ ወጣ። ምሰሶው ሁለቱም ደጃፉን እስኪያልፉ ቆሞ ጠበቃቸው። ከዚያ ወደቀ፤ ቤቱም በላዩ ላይ ወደቀ።

ምስጧ ዘመዶቿን ሰብስባ ሌላ ጨለማ ቤት ፍለጋ ሄደች።

በማግስቱ ጎረቤት ለለቅሶ መጣ። ፀሐይም መጣች። አሁን የሚከለክላት ግድግዳ የለም፤ እንደ ልቧ ገባች። ከፍርስራሹ መሐል የምሰሶውን እግር አገኘችና ቀኑን ሙሉ እሱ ላይ ዋለች። እግሩ ደረቀ። ምሰሶው ግን ሰላምታዋን አልመለሰላትም።

ሶላሯ ጭቃ ላይ ስለወደቀች አልተሰበረችም። ባሻ ዘገየ አንሥቶ ከአጥሩ ጋር አስደገፋት። ቀን ቀን ፀሐይ ትሞላታለች፤ ሲመሽ የምታበራለት ቤት የላትም።

እንግዲህ አሮጌ ቤት ያላችሁ ሁሉ ስሙኝ። አዲሱን ብርሃን አምጡ፣ ደግ ነገር ነው፤ አስቀድማችሁ ግን የደፈናችሁትን ክፈቱ። ቤታችሁ ሲናገርም የምትፈልጉትን ሳይሆን ያለውን ስሙት።

እኔ አፌን ዘጋሁ፤ እናንተ መስኮታችሁን ክፈቱ።