ለሦስት የማትከፈል ጀልባ

በአንድ ወቅት፣ በጣና ዳር፣ አያ ፈንታ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ሚስታቸው ከሞተች ቆይታለች፤ የተቀበረችው በተወለደችባት ደሴት ነው። ለአያ ፈንታ ሦስት ወንዶች ልጆች ቀርተዋቸዋል። ሦስቱም ዓሣ አስጋሪዎች፣ ሦስቱም ባለትዳሮች ናቸው። ታላቁ እንየው ይታይሽን አግብቷል። መካከለኛው አንማው ጠጄን፣ ታናሹ ላቀው ደግሞ ስመኝን አግብተዋል።

ልጆቹና ሚስቶቻቸው ከታንኳ በቀር መንዳት አያውቁም ነበር። ታንኳ ውኃ ዳር ከሚበቅለው ደንገል ይታሰራል። ውኃ ሲጠጣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ሲያረጅ ይጣልና ሌላ ይታሰራል። ከባድ ነው፣ ቀርፋፋ ነው፣ ግን አይሰምጥም። ይታይሽና እንየው ከተጋቡ ጀምሮ በአንድ ታንኳ ይወጣሉ። እሷ ከፊት ተቀምጣ ውኃውን ታያለች፣ እሱ ከኋላ ይቀዝፋል። «ግራ» ስትለው መቅዘፊያውን በግራ ይነክራል፣ ታንኳዋም ወደ ቀኝ ትዞራለች። «ቀኝ» ስትለው በቀኝ ይነክራል፣ ወደ ግራ ይዞራሉ። ከዚህ ሌላ ቃል ብዙም አይነጋገሩም። አያስፈልጋቸውም ነበር።

ከዚያ እምቦጭ መጣ። አረሙ ዳር ዳሩን እየያዘ ውኃውን አለበሰው። ከሩቅ ሲያዩት ለምለም መስክ ይመስላል፣ ከብት እንኳ ተታሎ ይገባበታል። ዓሣው ሸሸ። ታንኳ አረሙ መሀል ሲገባ እንደ ተጣበቀ ዝንብ ይቀራል። በየቤቱ ታንኳ ግድግዳ ተደግፎ ደረቀ፣ ሰዎችም እየፈቱ አነደዱት።

አንዲት ጀልባ ብቻ ነበረች አረሙን ሰንጥቃ የምትወጣ። እሷም የአያ ፈንታ ናት። ሽማግሌው ለብዙ ዘመን የአንድ ባለሀብት የሽርሽር ጀልባ ጠባቂ ነበሩ። ጎብኚ መምጣቱን ሲተው ባለቤቱ «እኔ አልመለስም፣ ለአንተ ትሁን» ብሏቸው ሄደ። ጀልባዋ ትልቅ ናት። መኝታ ያለው ክፍል፣ ሞተር፣ ከክፍሉ ጣሪያ ላይም እንደ መኪና የሚዞር መሪ አላት። ሰውና እንጨት እያመላለሰች አንድ ቤት ታኖራለች። ሦስት ቤት ግን አታኖርም።

አያ ፈንታ ሲታመሙ ልጆቻቸውንና ምራቶቻቸውን ጠሩ።

«ጀልባ እንደ መሬት አይሸነሸንም» አሉ። «ብትከፍሏት ማገዶ ናት። ለሚያውቁባትና እኔን ከእናታችሁ ጎን ለሚያደርሱኝ ባልና ሚስት ትሁን።»

«ሦስታችንም ብናደርስዎስ፣ አባዬ?» አለ አንማው።

«ያኔ ሰው ይፍረዳችሁ» አሉና ወደ ግድግዳው ዞሩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሦስቱ ባልና ሚስት ተራ በተራ ጀልባዋን መማር ጀመሩ። ያየ ሁሉ ዳር ላይ ተቀምጦ ይስቃል። ሌላ ሥራም አልነበረውም።

እንየውና ይታይሽ ሞተሩንና መሪውን ያዙ። በመጀመሪያው ቀን ይታይሽ ከፊት ቆማ «ግራ» አለች። እንየው መሪውን ወደ ግራ አዞረ፣ ጀልባዋም ወደ ግራ ሄዳ ውኃ ዳር ያለ የሰው አጥር ገጨች።

«ግራ አልኩህ እኮ።»

«ወደ ግራ ሄድኩ እኮ።»

«እኔ በግራ ቅዘፍ ማለቴ ነው።»

«በምን ልቅዘፍ? በመሪ ይቀዘፋል?»

ዳር የተቀመጡት «እናንተ፣ ጀልባዋን ነው ትዳራችሁን ነው የምትነዱት?» አሉ። ይታይሽ ሻሽዋን ወደ ግንባርዋ ሳብ አደረገች። ከዚያ ወዲያ ውኃ ስትቀዳም ሆነ እንጨት ስትለቅም «ግራ ማለት ግራ ነው፣ ቀኝ ማለት ቀኝ ነው» እያለች ለራሷ ታጠናለች። እንየውም የሞተሩን ድምፅ እንደ ልጅ ሳል ለየ፤ የትኛው የሚያሳስብ፣ የትኛው የማያሳስብ እንደሆነ አወቀ። ሰነባብተው ጀልባዋ ታዘዘችላቸው።

አንማውና ጠጄ የጀልባዋን ሆድ ያዙ። ታንኳ ላይ ውኃ ቢገባ በደንገሉ መሀል ይወጣል፣ ማንም ግድ አይሰጠውም። ጀልባ ግን የዋጠችውን አትተፋም። ጠጄ ይህን ያወቀችው ታንኳ ላይ እንደ ለመደችው የገባውን ውኃ ችላ ብላ ስትቀመጥ፣ ውኃው ጉልበቷ ሲደርስ ነው። ከዚያ በኋላ ጣሳ ከእጇ አልለይ አለ። አንማው ደግሞ ጭነት ወደ ፊት ሲበዛ አፍንጫዋ እንደሚደፋ፣ ወደ ኋላ ሲበዛ ቀና እንደምትል ተማረ። «ጀልባ እንደ አህያ ናት፣ ጭነቷን ካላስተካከልክላት ትጥልሃለች» ይል ነበር።

ላቀውና ስመኝ ምንም አልተማሩም። ላቀውን ጀልባዋ ላይ ሲወጣ ያስመልሰዋል። ስመኝ የሞተሩን ድምፅ ትፈራለች። ተራቸው ሲደርስ ዳር ቁጭ ብለው ደንገል እያሰሩ ትንሽ ታንኳ ሠሩና ከጀልባዋ ኋላ በገመድ አሰሯት።

«ጀልባዋ ጥጃ ወለደች» ብሎ ሳቀባቸው እንየው።

«ትሁን፣ አያ» አለች ስመኝ። «ጥጃ አይሰምጥም።»

አያ ፈንታ አንድ ማለዳ ሞቱ። በሰሌን ጠቅልለው ሣጥን ውስጥ አኖሯቸው። ጣና ከቀትር በኋላ ነፋስ ያነሣል፣ ስለዚህ በጧት መውጣት ነበረባቸው። ነገር ግን እምቦጩ በሞተሩ ሽክርክሪት ላይ ተጠምጥሞ ሞተሩ እምቢ አለ። እንየው ማጭድ ይዞ ውኃው ውስጥ ገባ። ቆርጦ ሲጨርስ ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች፣ እጁም ደምቷል፤ ሬሳ ማሳደር ስላልፈለጉ ግን ለመውጣት ተነሡ።

ሣጥኑ ሲጫን ክርክር ተነሣ። አንማው መሀል ይሁን አለ። ላቀው ግን አለቀሰ። «ሬሳ ይቀድማል፣ ለቀስተኛ ይከተላል። አባቴን ከኋላዬ አስከትዬ አልሄድም።» ስመኝም «እውነቱን ነው፣ ነውር ነው» አለች። አንማው ራሱን ነቀነቀ፣ ግን በአባቱ ሬሳ ፊት መከራከር አልፈለገም። ሣጥኑ ከክፍሉ ፊት፣ አፍንጫዋ ላይ ተቀመጠ። አጠገቡ የመቃብሩ ድንጋይና ለቀብር የሚሆነው ጠላ ተደረደረ። ይታይሽ ከሣጥኑ አጠገብ ቆመች፣ ውኃ የምታየው እሷ ነበረችና።

መሀል ሲደርሱ ነፋሱ ተነሣ። ማዕበሉ ጥቁር ሆነ። ደሴቷ ትታያለች፣ ግን አትቀርብም። ይታይሽ ፊቷን እየጠረገች ስታይ፣ ከማዕበሉ በታች የድንጋይ ጀርባ ብቅ ብሎ ጠፋ። ማምለጫው በቀኝ ነበር። ስንት ጊዜ ያጠናችው ቃል ከአፏ ጠፋ። የወጣው የድሮው ነው።

«ግራ» አለች።

እንየው እንደ ተማረው መሪውን ወደ ግራ አዞረ።

ድንጋዩ ጀልባዋን ከአፍንጫዋ ሥር በሳት። ይታይሽ ተንገዳግዳ በሣጥኑ ላይ ወደቀች። ቀና ብላ ባሏን አየችው። እንየው ዓይኑን ወደ መሪው መለሰ። ቢሰድባት ይሻላት ነበር።

ጠጄ ጣሳዋን ይዛ ገባች፣ ውኃው ግን ከጣሳው ፈጠነ። አንማው የጠላውን እንስራ ጣለ፣ የመቃብሩን ድንጋይ ጣለ። አፍንጫዋ ግን እንደ ተደፋች ቀረች። ሣጥኑን ወደ ኋላ ማሳለፍ አይቻልም፣ በክፍሉ ጎን ያለው መተላለፊያ ጠባብ ነው።

«አፍንጫዋ ቀና ካለች ቀዳዳው ከውኃ በላይ ይሆናል» አለ አንማው። «ሣጥኑ ይውረድ።»

«አባታችን እኮ ነው» አለ ላቀው።

«የሞተ ሁለተኛ አይሞትም። እኛ ስድስት ነን።»

«አንማው፣ እጅህን አንሣ» አለ ላቀው።

አንማው አላነሣም። እሱና ጠጄ ትከሻቸውን አስጠግተው ሣጥኑን ገፉት። ሣጥኑ ውኃው ላይ ወደቀ፣ ጠለቀ፣ ተመልሶ ተንሳፈፈ። ጀልባዋም አፍንጫዋን ቀና አደረገች።

ላቀው ወደ ኋላ ሮጠ። የታንኳዋን ገመድ በጠሰና ዘለለባት። ስመኝ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ተከተለችው። ይታይሽ ትንሿን ታንኳ በማዕበሉ መሀል ስትወጣና ስትወርድ አየቻት። ከዚያ ማየት አልቻለችም።

እንየው የተጎዳችውን ጀልባ ነፋሱን በጀርባዋ አስይዞ ወደ ቤት መለሳት። ሞተሩ ሲያስል እያባበለ፣ ሲዘጋ እየቀሰቀሰ ነው። አንማውና ጠጄ እጃቸው እስኪዝል ውኃ ቀዱ። ይታይሽ ከፊት ቆማለች። እጇን ብቻ ዘረጋች፤ እንየው በእጇ ነዳ።

ላቀውና ስመኝ ሣጥኑን ደረሱበት። ከታንኳዋ ጎን በገመድና በነጠላው አስረው ሲቀዝፉ ውለው ደሴቷ ዳር ደረሱ። እዚያም እምቦጭ ነበረ። ታንኳዋ ቆመች። ወርደው አንገታቸው ድረስ እየሰመጡ፣ አረሙን በደረታቸው እየገፉ ሣጥኑን አወጡት። በማግስቱ የደሴቷ ቄስ ፍትሐት አድርሰው ቀበሯቸው።

ነገር ግን ላቀው እናቱ ስትሞት ገና ጡት አልተወም ነበር። መቃብሯን አያውቅም። ቄሱም አዲስ ናቸው። መቃብሯ ላይ ድንጋይ አልነበረም፤ ለሁለቱም አንድ ላይ ሊያቆሙት የነበረውን ድንጋይ አንማው ወደ ጣና ጥሎታል። የእናታቸውን መቃብር በዓይኑ የሚያውቀው ታላቁ እንየው ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ጀልባዋ ላይ ነበር።

አረሙን እንደ ገና በደረታቸው እየገፉ ሲመለሱ እንየው ስመኝን ጠየቃት። «የት ጋ ቀበራችኋቸው?»

«ከወይራው ሥር፣ አያ። ድሮ ሲወራ እሰማ ነበር፣ ከወይራ ሥር ናት ሲሉ።»

 እዚያ የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ግቢ ውስጥ ሁለት ወይራ አለ።

እንየው ግን «የትኛው?» አላላትም። ስመኝ አንገቷ ድረስ ቆዳዋ በአረም ተልጦ ነበርና ሊጠይቃት አልጨከነም። ይህን የሰማችው ይታይሽ ብቻ ናት፤ ማታ ሲነግራት።

ሽማግሌዎች ሊፈርዱ ከመንደሩ ሾላ ሥር ተቀመጡ።

እንየው ተነሣ። «ያለ እኔና ያለ ይታይሽ ጀልባዋ ከዳር አትነቃነቅም ነበር። በታንኳማ እምቦጩን ማን ያልፈዋል? አባታችንን መሀል ድረስ ያደረስናቸው እኛ ነን። ተበስታም ወደ ቤት የመለስናት እኛ ነን። አባታችን ለሚያውቁባት ብለዋል።»

«በሳችኋትም እናንተ ናችሁ» አለች ጠጄ።

አንማው ተነሣ። «እኔና ጠጄ ባንኖር የምትከራከሩባት ጀልባ የለችም፣ የምትከራከሩትም እናንተ የላችሁም። አባቴን በእጄ ገፍቻለሁ። ይህን የምሸከመው እኔ ነኝ። ሌላ ማን ይሸከመው ነበር?»

«አባቱን የጣለ የአባቱን ጀልባ ይነዳ?» አለ ከሽማግሌዎቹ አንዱ። አንማው ተቀመጠ።

ላቀው ቁጭ እንዳለ ተናገረ። «አባዬ ከእናታችሁ ጎን አድርሱኝ አሉ። አድርሰናል።»

«ሣጥኑን አፍንጫዋ ላይ ካላስቀመጥን ያላችሁ እናንተ ናችሁ» አለ አንማው። «ጀልባዋንስ ብትወስዷት ታውቁባታላችሁ? ስትወጣ ታስመልሳለህ።»

ላቀው አቀረቀረ። እንየው ስለ ሁለቱ ወይራ አልተናገረም። ቢናገር የወንድሙን ድካም ከንቱ ማድረግ ነው። ባይናገር ደግሞ ሸንጎው እውነቱን ሳያውቅ ይፈርዳል። ይታይሽ ከሴቶቹ መሀል ተቀምጣ ባሏን አየችው። እሷም የሰማችውን አላወጣችም። ከዚያ ቀን ወዲህ ብዙ አትናገርም። ሰው የጎረቤት ቤት ቢጠይቃት እንኳ «በወዲህ» ትላለች እንጂ ግራ ወይም ቀኝ አትልም።

ሽማግሌዎቹ አልተስማሙም። «ፍርድ እስኪሰጥ ማንም እንዳይነካት» ብለው ተነሡ። ስለዚህ እንየው ወደ ደሴቷ ሄዶ የትኛው ወይራ እንደሆነ ማየት አልቻለም። ሦስቱ ወንድማማቾች በመንገድ ሲገናኙ ሰላምታቸው አጠረ። ከሦስቱ ቤት የአንዱም ጭስ እንደ ድሮው በጧት አይነሣም።

ጀልባዋ የታሰረችበት ቦታ አለች፤ ቀዳዳዋም አልተደፈነም። እምቦጩ መጀመሪያ ገመዱን ያዘ፣ ቀጥሎ የሞተሩን ሽክርክሪት፣ አሁን ከጎኗ እየወጣ ነው። ይታይሽ በየማለዳው ወርዳ በእጇ ትነቅለዋለች። በነጋታው ስትመጣ በነቀለችበት ቦታ በቅሎ ታገኘዋለች። አንድ ቀን ጠጄም መጥታ ከጎኗ መንቀል ጀመረች። ሌላ ቀን ስመኝ መጣች። ሦስቱ ሴቶች ጎን ለጎን ይነቅላሉ። አረሙ ግን ሦስት ሴት አይፈራም።

እናንተ የሰማችሁ፣ ያልተነገረውንም የሰማችሁ፣ እስቲ ፍረዱ። ከዳር ያስነሷትና የመለሷት፣ ግን የበሷት ይውሰዷት? ከመስጠም ያዳኗት፣ ግን አባታቸውን ወደ ውኃ የገፉት ይውሰዷት? ወይስ አባታቸውን በደረታቸው ተሸክመው፣ ግን ከእናታቸው ጎን ማኖራቸውን የማያውቁት ይውሰዷት? ጀልባዋ ለየትኞቹ ባልና ሚስት ትገባለች? ስትፈርዱ ብዙ አትቆዩ፤ ዛሬ ጧት ከውኃው በላይ የሚታየው መሪዋ ብቻ ነው።