ስሙን ለጨረቃ የሰጠ አባት

አንዲት እናት ልጇን አንደኛ ክፍል ልታስመዘግብ ተሰልፋ ነበር። ተራዋ ደረሰ። መዝጋቢዋ ቀና ሳትል የልጅቷን ስም ጠየቀቻት። ትርሲት አለች እናት። ትርሲት ማን? እናትየዋ ወደ ልጇ አየች። ከኋላዋ የተሰለፉት ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

አባትየው ሞቶ ነው? አልሞተም። ጠፍቶ ነው? ምን ጠፋ፤ እዚያው ከተማ፣ መናኸሪያው ፊት ለፊት የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ አለው። ሽመክት ይባላል። ልጅቷ ስትጸነስ ቃል የገባ፣ ስትወለድ ግን አላውቃትም ያለ ሰው ነው።

እናት የልጇን እጅ ይዛ፣ አልረግጠውም ያለችውን ደጅ ረገጠች። ለቀለብ ነው? አይደለም። ለስም ነው።

ሱቁ በሰው ሞልቷል። በትልቁ ቴሌቪዥን፣ ሰው ጭና ጨረቃን ልትዞር የሄደችው መንኮራኩር ትታያለች። ሽመክት ባንኮኒውን ተደግፎ ያወራል። የመንኮራኩሯ ባለቤቶች፣ ስሙ አብሮ እንዲበር የሚፈልግ ይላክልን ብለው ዓለምን ሲጋብዙ እሱም ልኮ ነበርና፣ ስሙ ከማያውቃቸው ሰዎች ስም ጋር ተጭኖ እየበረረ ነው። የላኩለትን የመሳፈሪያ ካርድ አሳትሞ፣ በመስታወት አድርጎ፣ ከንግድ ፈቃዱ በላይ ሰቅሎታል። ደንበኞቹ የጨረቃው ባላባት እያሉ ያሾፉበታል። እሱ ደስ ይለዋል።

እናትየዋ ጠጋ ብላ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ሽመክት፣ ምንም አልፈልግም። ትምህርት ቤት የአባት ስም ጠየቁኝ። ስምህን ስጣትና እንሂድ።»

ልጅቷን አላያትም። ያየው ደንበኞቹን ነው። ከዚያ ሁሉም እንዲሰማው አድርጎ፣ «እኔ ስሜን ለመጣው ሁሉ አልበትንም» አለ።

ሰማችሁት? ስሜን አልበትንም አለ። ማን? ስሙን ሰማይ ለሰማይ የሰደደው ሰው!

ሬዲዮናቸውን ሊያሠሩ የመጡ አንድ ሽማግሌ፣ ጋሽ አጥናፉ፣ ከወንበራቸው ሳይነሡ፣ «ለመሆኑ ልጄ፣ ጨረቃ አባዬ ትልሃለች?» አሉት።

የሳቀ አልነበረም። ሽመክት የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ አደረገ። መልሱ ይኸው ነው። ድምፁን ከፍ አደረገ።

እናት ተመልሳ መዝጋቢዋ ፊት ቆመች፤ የገዛ አባቷን ስም ሰጠች። የሞቱት አያት ልጅቷን አስመዘገቧት። በሕይወት ያለው አባት ቴሌቪዥን ያያል።

ምእመናን፣ ተናደዳችሁ አይደል? ተናደዱ። ግን ቁጣችሁን በሽመክት ላይ ብቻ አትጨርሱት። ይህን የመቅደስ መጋረጃ የሰጠው ማን ነው? ስሙ ተጠልፎበታል። ይህን ምንጣፍስ? ስሙ ጥግ ላይ አለ። ከበሮው ላይ እንኳ የሰጪው ስም አለ፤ እግዚአብሔር የማያነበው ይመስል ሁለት ጊዜ ተጽፏል። አባቱ ማን እንደሆነ ያልተነገረው ልጅ ግን እዚሁ ሰፈር፣ ከዚሁ አጥር ሥር ኳስ ይጫወታል። የማን እንደሆነ ሰፈሩ ያውቃል። እናንተም ታውቃላችሁ።

መንኮራኩሯን አትርገሙ። ምን አጠፋች? ሰማይን ቀና ብሎ ማየት ኃጢአት አይደለም፤ የሠራው እርሱ ነው። ነገር ግን ቀና ያላችሁት ከጉልበታችሁ ሥር የቆመውን ላለማየት ከሆነ፣ ያ ክህደት ነው። ሌላ ስም የለውም።

ልጃችሁን የካዳችሁ ሁሉ፣ በሩን ታውቁታላችሁ። ዛሬ ሂዱና አንኳኩ። ልጁ ከፍቶ፣ ማንን ፈልገው ነው ሲላችሁ፣ አንገታችሁን አትድፉ። ስማችሁን ንገሩት።