ጠያቂ የበዛበት ጠቦት

ተረት ልንገራችሁ፤ «ንገረን» በሉኛ! እሺ።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳቱም ዕቃውም ሁሉ አፍ በነበራቸው፣ አፋቸውም በማያርፍበት ዘመን፣ ሸጋው የሚባል ጠቦት ነበር። እናቱ ገበያ ሄዳ በዚያው ከመቅረቷ በፊት አንድ ምክር ሰጥታዋለች፦ «ልጄ፣ እንግዳ ሳይጠግብ ገንዳ እንዳትነካ፤ ነውር ነው።»

አንድ ቀን ድዱን እሾህ ወጋውና መብላት አቃተው። እሾሁ በማግስቱ ወለቀ። ወሬው ግን ቀድሞ ወጥቶ ነበር፤ «ሸጋው ታሟል» ተብሎ ሰፈሩ ለጥየቃ ተነሣ።

መጀመሪያ እመት አህያ መጣች። ጀርባውን ዳበሰችና «ውይ በሞትኩት! ዓይን በልቶታል» አለች። «በባዶ ሆዴ ግን እርግጠኛ መሆን አልችልም።»

«ይብሉ እንጂ» አላት። ፉርሽካውን ጨረሰችው።

ቀጥላ እመት ፍየል መጣች። የዓይኑን ቆብ ገልብጣ አየችና «ነጥቷል፤ መጋኛ ነው» አለች። «ወይስ ምግቡ ይሆን? እስቲ ልቅመሰው።»

«በሞቴ ይቅመሱ» አላት። ቀምሳ ቀምሳ ገንዳውን ላሰችው።

ሦስተኛ አያ በሬ መጣ። ጠቦቱ በጣለው በጠጥ ፊት ቆሞ ብዙ አሰበ። «ትል ነው፤ ትል ደግሞ ገለባ ውስጥ ይደበቃል» አለና እስከ መጨረሻዋ ሰበዝ ድረስ ፈለገ። «የለም» አለ፣ አፉን እየላሰ።

በማግስቱም መጡ፤ ከዚያም በኋላ መጡ። ሸጋው ሲከሳ ጠያቂ በዛ፣ ጠያቂ ሲበዛ ሸጋው ከሳ። ገንዳው አላስችል ብሎት «ኧረ አንተ ልጅ! እኔንም ሊበሉኝ ነው፤ ጠርዜን ነከሱኝ እኮ!» ቢለው፣ «ታዲያ ምን ይሉኛል?» አለው። እግሩ ዝሎ ከመንጋው ኋላ መቅረት ጀመረ። ከመንጋ ኋላ የቀረ የማን እራት እንደሚሆን አልነግራችሁም፤ ሸጋው ግን ያውቃል፣ ይፈራልም።

አያ ጅቦ በአጥሩ ቀዳዳ ሲያይ ሰንብቶ አንድ ምሽት ንዴቱ ገነፈለ።

«እኔ ይህን ሁሉ ቀን ስጠብቅ አንተ አጥንት ብቻ ልትሆንብኝ ነው? ስማኝ! በሽታህ ዓይንም አይደለም፣ መጋኛም አይደለም፣ ትልም አይደለም። ይሉኝታ ነው! መድኃኒቱ ‹እምቢ› ነው። ጠዋት እምቢ፣ ቀን እምቢ፣ ማታ እምቢ። እንዳታቋርጥ፤ ያገረሽብሃል!»

ከጅብ ምክር ይገኛል? ቢቸግረው ሞከረው። ጠዋት አህያ መጣች፤ «እ... እምቢ» አላት በለሆሳስ። «ውይ ልጄን፣ ምላሱ ተሳሰረ!» ብላ ሄደች። ቀን ፍየል መጣች። «እምቢ!» «ወይኔ፣ በሽታው ወደ ራሱ ወጣ!» ማታ በሬ መጣ። «እምቢ አልኩ!» በሬው «አበደ! አበደ!» እያለ ሮጠ። ሸጋው ያን ቀን ብቻውን በላ። አፈረ፣ ግን ጣፈጠው።

ሰነበተ። ጎኑ ሞላ፣ ላቱ ተንዠረገገ፣ ከመንጋው ፊት ፊት መሄድ ጀመረ።

ይሄኔ አያ ጅቦ ለሀጩን እየዋጠ ደጁ ላይ ቆመ። «እንኳን ማረህ! በል መቀርቀሪያውን በአፍንጫህ ግፋልኝ። ያዳነህን ሐኪም ደጅ ታቆማለህ? እናትህ እንዲህ ነው ያስተማረችህ?»

እናቱ ስትነሣ የሸጋው ሆድ ባባ። ያ የድሮ በሽታው ተነሣበት። ወደ በሩ ሄደ፤ አፍንጫው መቀርቀሪያውን ነካ። ገንዳው «ኧረ በስማም!» ብሎ ጮኸ።

ሸጋው ቆም አለ። «አያ ጅቦ፣ ውለታዎን አልረሳም» አለ። «ግን መድኃኒቱን እንዳታቋርጥ ብለውኛል። የማታውን ገና አልወሰድኩም።»

«ምኑን?»

«እምቢ!»

ጅቡ «ምነው ባላከምኩት!» እያለ ቁልቁለቱን ወረደ።

ይሉኝታ ያሰረው በግ ገለባውን ለጠያቂ፣ ራሱን ለጅብ ያቀርባል። ተረቴ አለቀ፤ ዳቦ ያላችሁ አምጡልኝ። እምቢ የምትሉም በሉ፤ ያስተማርኳችሁ እኔው ነኝ።