ስለ ማርያም የተከፈተ በር

ኑ፣ ቀረብ በሉ። ይህ የሆነው ድሮ ነው። የአያቴ አያት ገና በእናቷ ጀርባ ሳለች፣ የሾላ ጥግ ቤተ ክርስቲያን ክዳኑ ሣር፣ አጥሩ እሾህ በነበረበት ጊዜ። እኔ አላየሁም። ያየችው ለልጇ ነገረች፣ ልጇም ለልጇ፣ እንዲህ እያለ እኔ ጋ ደረሰ። የጨመርኩበት ካለ እግዜር ይቅር ይበለኝ፤ የቀነስኩት ግን የለም።

በሾላ ጥግ ደብሪቱ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ሞቶባት ጥጥ እየፈተለች የምታድር ሴት ናት። መሬቷ ጠባብ፣ ቤቷ አንድ ክፍል። ያላት አንዲት ልጅ ብቻ ነበረች፣ ማንጠግቦሽ። እሷንም ከሙጃ ወንዝ ማዶ ዳረቻት። ሩቅ አይደለም። ጠዋት ጠዋት ደብሪቱ ደጇ ላይ ቆማ ማዶ ስታይ የልጇ ቤት ጭስ ይታያታል። ጭሱ ቶሎ ከወጣ "ደህና አድራለች" ትላለች። ከዘገየ ቀኑን ሙሉ እንዝርቷ ከእጇ እየወደቀ ይውላል።

ያን ዓመት ማንጠግቦሽ አረገዘች። እንደምታውቁት በእኛ አገር የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው በእናት ቤት ነው። ደብሪቱም ቅቤ አጠራቀመች፣ የገንፎ እህል አስፈጨች፣ መደቡን በአዲስ ጭቃ መረገች። ልጇን ከዳረች ወዲህ አንድ ጣሪያ ስር አድረው አያውቁም። ትመጣለች ብላ ቀን ትቆጥር ነበር። የሚመጣላትን ሰው የሚጠብቅ ቤት ታውቁ የለ፣ ቤቱም ጭምር የሚጠብቅ ይመስላል።

ታዲያ ደብሪቱ የማርያም ማኅበርተኛ ነበረች። ማኅበርተኞቹ አሥራ ሁለት ናቸው፤ ወር በገባ በሃያ አንድ ቀን ጽዋው ከቤት ቤት ይዞራል። የእሷ ተራ ሐምሌ ላይ ዋለ። ጠላ ጠመቀች፣ ዳቦ ደፋች። ቄሱ ጸልየው ዳቦው ሊቆረስ ሲል ዝናብ ወረደ። የሐምሌ ዝናብ ነው፣ ከብት የሚያሳውር። ያኔ በሩ ላይ አንዲት ሴት ቆመች። ጀርባዋ ላይ ማሰሮ፣ ደረቷ ላይ ሕፃን አላት። ሸክላ ሠሪዋ ትርንጎ ናት፤ ገበያ ውላ መመለሷ ነው።

"ስለ ማርያም" አለች። ሌላ አልጨመረችም።

በዚያ ዘመን ሸክላ ሠሪ ሰው ቤት አይገባም ነበር። ቡዳ ነው፣ ዓይኑ ሰው ይበላል ይባላል። ማሰሮው ይገባል፣ የሠራው እጅ ግን አይገባም። ደብሪቱ ተነሳች። እጇን ይዛ አስገባቻት። እሳት ዳር አስቀመጠቻት። ጽዋው ዞሮ ሲደርስ ደግሞ አላሳለፈቻትም፤ በሁለት እጇ አቅርባ አጠጣቻት።

የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም አለቃው፣ አያ ድልነሳሁ ከተቀመጡበት ተነሱ። "ደብሪቱ፣ ምን መሆንሽ ነው?" አሉ።

"አያ ድልነሳሁ፣ በስሟ ተሰብስበን በስሟ የጠራችንን ሴት ዝናብ ላይ ላቁማት እንዴ?" አለች።

እሳቸው ጋቢያቸውን ሰብስበው ወጡ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ተከተሏቸው። ቄሱ መሬት መሬት እያዩ ዳዊታቸውን ከደኑና እሳቸውም ወጡ። ዳቦው ሳይቆረስ ቀረ። በማግሥቱ ማኅበርተኞቹ ተሰብስበው ጽዋውን ረክሷል ብለው ሰበሩት። ቅዳሜ ገበያ ወጥተውም አዲስ ጽዋ ገዙ። ከማን ገዙ? ከትርንጎ ነዋ! በአገሩ ሌላ ሸክላ ሠሪ የት አለና። የሸጠላቸውን እጅ አላዩም፣ የሚያዩት ጽዋውን ብቻ ነበር።

ከዚያ በኋላ ደብሪቱን አገር ተዋት። እሳት ልትጭር ብትሄድ "ጠፍቶብናል" ይሏታል፣ ጭሱ በጣሪያው እየወጣ። ወንፈል የገባላት ወገን በሬውን ወደ ሌላ ማሳ ነዳ። መሬቷን በዶማ የቆፈሩላት ትርንጎና ባሏ ናቸው። ቤተ ክርስቲያን ስትሳለም ሴቶቹ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ይሸሿታል። ደብሪቱ ይህን ሁሉ ቻለች። ሰው ነችና አዘነች፣ ግን ቻለች። ማታ ማታ አዲሱን መደብ በእጇ እየዳበሰች "ልጄ ስትመጣ ይረሳኛል" ትል ነበር።

ነገሩ ወንዝ ተሻገረ። የማንጠግቦሽ አማት እመት ሽታዬ ስም ያላቸው፣ ቃላቸው የሚፈራ ሴት ነበሩ። ሰሙና ላኩባት። "ቡዳ የምታበላ እናት ቤት ምራቴ አትወልድም። አንቺም ወንዙን እንዳትሻገሪ፤ ከተሻገርሽ ልጅሽን ከነሆዷ መልሼ እሰድልሻለሁ" አሉ። ከባሏ ቤት የተመለሰች ሴት በዚያ ዘመን ምን እንደምትሆን ላስረዳችሁ አልፈልግም። ደብሪቱ ልጇን ቤት አልባ ላለማድረግ ወንዙን አልተሻገረችም። ክረምቱ ወጣ፣ ውሃው ጎደለ፣ ልጅ እንኳ በድንጋይ ድንጋይ ይሻገረዋል። እሷ ግን ዳር ድረስ ሄዳ ትመለሳለች። ማዶ ውሃ ልትቀዳ የምትወርድ ሴት ስታይ ልጇ ትመስላታለች። አንድ ቀንማ እሷው ነበረች። ማንጠግቦሽ እንስራዋን አውርዳ ቆመች፣ ደብሪቱም ቆመች። ከማንጠግቦሽ ጋር የአማቷ ዘመድ ስለነበረች አልተነጋገሩም። ሆዷ ገፍቶ እንደነበር ደብሪቱ አየች። ያን ቀን እህል በአፏ አልዞረም።

የመውለጃዋ ወር ሲደርስ ሽማግሌዎች መጡ። አያ ድልነሳሁም አብረው ናቸው። ክፉ ሰው አልነበሩም፣ ይህን አውቃችሁ ያዙልኝ። አገር እንዲህ ነው ያላቸውን ሁሉ አዎ የሚሉ ሰው ነበሩ እንጂ።

"ልጄ፣ አንዲት ቃል ነው" አሏት። "እሁድ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቆመሽ ትርንጎ ከእንግዲህ በቤቴ አትገባም ብለሽ በእመቤታችን ስም መማል ነው። እመት ሽታዬ ማንጠግቦሽን ዕለቱን በበቅሎ ይልኩልሻል።"

ደብሪቱ እሺ አለች። አዎ፣ እሺ አለች! ታሪኳን ሲተርኩ እንደ ድንጋይ የጸናች የሚያደርጓት አሉ፤ ውሸት ነው። ልጇን ናፍቃ ነበር፣ እሺ አለች። ቅዳሜ ቤቷን ጠረገች፣ ቅቤውን አነጠረች። እሁድ ነጭ ለብሳ ሄደች። አገሩ ሁሉ ደጀ ሰላሙ ጋ ቆሟል። ከወንዝ ማዶም የበቅሎ ልጓም የያዘ ሰው መጥቶ፣ መሐላውን ሰምቶ ማንጠግቦሽን ሊያመጣ ይጠብቃል። ደብሪቱ ደጃፉ ላይ ያለው ድንጋይ ላይ ወጣች፣ እጇን ዘረጋች። "በእመቤቴ..." አለችና ቆመች። ደግማ "በእመቤቴ..." አለች። ሦስተኛ ጊዜ ሞከረች፣ ከዚያ ወዲያ አልሄደላትም።

"አልቻልኩም" አለች እያለቀሰች። "በዚሁ ስም ነው በሬን የከፈትኩላት። በዚሁ ስም እንዴት ልዝጋባት? ልጄን እወዳታለሁ፣ እናንተ ታውቃላችሁ። አልቻልኩም።"

ባለበቅሎው ልጓሙን ስቦ ወደ ማዶ ተመለሰ።

ከሦስት ቀን በኋላ ትርንጎ ማዶ ማሰሮ ልትሸጥ ሄዳ ወሬ ይዛ መጣች፤ ማንጠግቦሽ ምጥ ይዟታል። ደብሪቱ ወንዝ ዳር ወርዳ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ትርንጎ አጠገቧ ተቀመጠች። እንግዲህ ሕፃን ሲወለድ እልል ይባላል፣ ለወንድ ሰባት፣ ለሴት ሦስት። ደብሪቱ የጠበቀችው ያንን ነው። እመት ሽታዬ ግን ሴቶቹን ሰብስበው "እልልታው እዚያ ወንዝ ዳር ለምትቀመጠው እንዳይደርስ፤ በሩን ዝጉ፣ ድምፃችሁን ዋጡ" ብለው አዘዋል። ረፋዱ አለፈ፣ ቀትር ሆነ፣ ፀሐይ ዘቀዘቀች። ከቤቱ ሰው ይወጣል፣ ሰው ይገባል፣ ድምፅ የለም። ደብሪቱ ሕፃኑ ሞቷል አለች። ኋላ ደግሞ ልጄም ሞታለች አለች። ነጠላዋን ልታዘቀዝቅ፣ ደረቷን ልትመታ ተነሳች።

ያኔ በሩ ተከፈተ። አንዲት ሴት መቃኑን ተደግፋ ወጣች፣ ፊቷን ወደ ወንዙ አዞረች። እልልታው ቀጭን ነው፣ መሀሉ ላይ ይቆረጣል። አንድ። ትንፋሽ ወሰደች። ሁለት። ሴቶች ከኋላዋ ሊጎትቷት መጡ፣ መቃኑን አልለቀቀችም። ሦስት።

አራስ ለራሷ እልል አትልም። ከዚያ ቀን በፊት ተብሎም ተሰምቶም አያውቅም። ማንጠግቦሽ ግን አለች። ደብሪቱም ከወንዙ ወዲህ ሆና መለሰችላት፣ ትርንጎም አገዘቻት። ሦስቱ ሴቶች ወንዝ አሻግረው ሲቀባበሉ አገሩ ሁሉ ሰማ፣ እመት ሽታዬም ሰሙ።

ደብሪቱ ያችን የልጅ ልጇን በዓይኗ አላየችም። ለክርስትናዋ ሰማንያ ቀን ሳይሞላ በብርድ በሽታ ሞተች። የፈትል ልቃቂት ማትረፍ እንጂ ቂም ማትረፍ አታውቅም ነበርና ለልጇ አራስነት ያጠራቀመችውን ቅቤ ለእመት ሽታዬ እንድታደርስላቸው ለትርንጎ አደራ ሰጥታ ነው የሞተችው። ማንጠግቦሽ ሕፃኗን አዝላ ወንዙን ተሻገረች፤ ማንም አልከለከላትም። ለቀብሩ ከፊት ሬሳውን የተሸከሙት የትርንጎ ባልና ወገኖቹ ነበሩ። አያ ድልነሳሁ ትንሽ ቆመው አዩና ጋቢያቸውን አጣፍተው ከቃሬዛው ስር ገቡ፣ ከትርንጎ ባል ጎን። በወሩ የማርያም ጽዋ የተነሳው በትርንጎ ቤት ነው።

በሌላ አገር አራስ እልል ብትል ነውር ነው፣ ያበደች ይሏታል። በሾላ ጥግና በማዶው ግን እስከ ዛሬ ድረስ ልጅ ሲወለድ መጀመሪያ እልል የምትለው አራሷ ናት። በሩን ወለል አድርገው ይከፍቱላታል፣ ግራና ቀኝ ይደግፏታል፣ ፊቷን ወደ ወንዙ ያዞሯታል። የቤቱ ሴቶች አፋቸውን ይዘው ይቆያሉ። ከዚያ ማዶ ያለ ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ሥራውን ትቶ ይመልስላታል። ማዶ ሰው ከሌለ ግን ቆመው ይጠብቃሉ።