ለክፉ ቀን የታተመው ጎታ

ወንዝ ለሁለት በከፈላት አንዲት አሮጌ ከተማ፣ ከመስጂዱ በስተጀርባ፣ ሐጂ ሙኽታር የሚባሉ ሽማግሌ ይኖሩ ነበር። ንግዳቸውን በሐላል የሠሩ፣ ሶላታቸውን ያላጓደሉ ሰው ነበሩ። ባለቤታቸው ሰዓዳ ደግሞ ለክፉ ቀን በማሰብ የታወቀች ሴት ነበረች። ከጓዳዋ ጨው፣ በሶ፣ የኩራዝ ላምባና ደረቅ ማገዶ አይጠፋም። ከሁሉም በላይ አንድ ትልቅ የጭቃ ጎታ ነበራት። ማሽላ ትሞላውና አፉን በጭቃ ትደፍነዋለች፤ ጭቃው ሳይደርቅም መዳፏን ታትምበታለች። በዚያች ከተማ ልማድ አንዲት ሴት ያተመችውን የክፉ ቀን ጎታ ከእሷ በቀር ማንም አይከፍተውም። አዲስ እህል በገባ ቁጥር ሰዓዳ ራሷ ትከፍተዋለች፤ የቆየውን ለሚስኪኖች ሰደቃ ትሰጥና አዲሱን ሞልታ መልሳ ታትመዋለች።

ሰዓዳ ወደ አኼራ ስትሄድ ጎታው እንደታተመ ቀረ።

ሐጂ በየቀኑ ተሲያት ላይ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ጓዳ ይገቡና መዳፋቸውን በመዳፏ አሻራ ላይ ያሳርፋሉ። ጣቶቿ አጫጭር ስለነበሩ የእሳቸው ከአሻራው ያልፋል። ጭቃው ይቀዘቅዛል፤ ቢሆንም እጃቸውን ቶሎ አያነሱም። የልጃቸው ሚስት ነዒማ፣ አዲስ እህል ሲገባ ይከፈት ብላ ጠይቃቸው ነበር። የሟች አማና፣ አደራ ነው ብለው ከለከሏት። በተከታዩ ዓመት ደግማ ጠየቀች፤ አሁንም ከለከሏት። ከዚያ ወዲያ አልጠየቀችም።

አንድ ክረምት ዝናቡ በረታ። ጎርፍ ድልድዩን ወሰደው፤ ገበያው ከወንዙ ማዶ ቀረ። ሰው ያለውን እየቆጠበ በላ፤ ያም አለቀ። ጎረቤታቸው ሸማኔው ሸምሱ ሚስቱ አራስ ነበረች። ባዶ ስልቻ ይዞ ከደጃፋቸው ቆመ። ቀልድ ልማዱ ነውና ያን ቀን እንኳ አልተወውም።

«ሐጂ፣ የቤቴ አይጦች ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ እርስዎ ቤት መጥተዋል። እኔም ዱካቸውን ተከትዬ ነው።»

ሐጂ ፈገግ ለማለት ሞክረው ወደ ጓዳ ገቡ። እጃቸውን እንደ ወትሮው ከአሻራው ላይ አሳረፉ። ይህ ከጠፋ ከሰዓዳ የሚዳሰስ ምን ይቀራቸዋል? ደጅ ደግሞ የአራስ ቤት ረሃብ ቆሟል። ቢስሚላህ አሉና አሻራውን ሳይሰበር ለማውጣት ዙሪያውን በቢላዋ ይፍቁ ጀመር። ጭቃው እጃቸው ላይ ፈረሰ።

ነዒማ ሰፌድ አቀረበች። መጀመሪያ የተቀዳው ግን ዱቄትና ነቀዝ ነበር። ዝቅ ብለው ሲቀዱ ደህና ፍሬ አገኙ፤ ቢሆንም ከእህሉ ግማሹ ተበልቷል። ነዒማ አንገቷን ደፋች። ነቀዙንም በሰፌዱ ታበጥር ጀመር። ሸምሱ የሽማግሌውን ፊት አይቶ ሊያጽናናቸው ፈለገ።

«የአላህ ቀደር ነው፣ ሐጂ። ማን ይመልሰዋል?»

ይህ ቃል ለሐጂ ቀላል መውጫ ነበር። ከተማው ሁሉ ይቀበለዋል፤ እሳቸውንም ማንም አይወቅሳቸውም።  ደህናውን ፍሬ እየለቀሙ ስልቻውን ሞሉለት፤ የቀረውንም ደህና እህል ነዒማ ለተራቡት ጎረቤቶች እንድታድል ነገሯት። ለራሳቸው ቤት ነቀዝ የቀመሰውን አስቀሩ። ሸምሱ ይህንስ አልወስድም ብሎ ሲያንገራግር ስልቻውን አሸከሙት። ከዚያ እሱም ነዒማም እንዲሰሙ አድርገው እንዲህ አሉ፦

«በቀደር አታሳብብልኝ፣ ልጄ። ይህችን ልጅ ሁለቴ ከልክያታለሁ። ይህን እህል መጀመሪያ የበላው የእኔ ናፍቆት ነው፤ ነቀዙ ኋላ ነው የመጣው።»

ወገኖቼ፣ የሞተብንን ሰው መናፈቅ ሐራም አይደለም። ሰዓዳ ግን ከእህሉ ጋር ሥራም ትታላቸው ነበር፤ ሐጂ እህሉን ሲጠብቁ ሥራውን ዘነጉት። ለክፉ ቀን ያስቀመጥነውን በደጉ ቀን ከፍተን ካላየነውና ከእሱም ካልሰጠን፣ ክፉው ቀን ሲመጣ ባዶ እጃችንን ያገኘናል። ጥፋታችንን በአላህ ውሳኔ ላይ ማሳበብም አማናን እንደ መብላት ነው። ሐጂ ከዚያም በኋላ እስኪሞቱ ድረስ ሰዓዳን ይናፍቁ ነበር ይባላል። አዲስ እህል በገባ ቁጥር ግን ጎታውን ከፍተው፣ በስሟ ሰደቃ የሚያወጡት እሳቸው ራሳቸው ነበሩ።