ቆቅን ሊያድን የመጣው ዝሆን

ጆሯችሁን አቀብሉኝ፣ ተረቴን ላቀብላችሁ።

በጥንት ጊዜ አንዲት ቆቅ ከወንዝ ወዲህ፣ በሣር መሐል እንቁላሎቿን ታቅፋ ትኖር ነበር። ጠላቷ ሸለምጥማጥ ነበር። አብልጣ የምትፈራው ግን ከወንዝ ማዶ የነገሠውን ዝሆን ነው።

በሌላ አገር ነጋሪት የሚጎሰመው ምክር ካለቀ በኋላ ነው። በዝሆን ግቢ ግን መጀመሪያ ይጎሰማል፣ ምክንያቱ በመንገድ ላይ ይፈለጋል። አንዴ ከተጎሰመ ደግሞ ማንንም ሳያድኑ መመለስ ነውር ነው።

አንድ ጠዋት ዝሆን በግራ ጎኑ ተነሣ።

«ጌታዬ» አለ ነጋሪት ራሱ፣ እንደ ሰው አፍ አውጥቶ፣ «ዝንጀሮ የንቦችን ማር እየሰረቀ ነው።»

«ጎስሙ!»

ዝሆን ሄደና ዛፉን ከነቀፎው ነቅሎ ጣለው። «በሉ እንግዲህ፣ ከአሁን በኋላ ማር የሚሰርቃችሁ የለም!»

በማግስቱ ነጋሪት «ሽመላ እንቁራሪቶችን ፈጀ» አለ።

«ጎስሙ!»

ዝሆን ኩሬውን ጠጥቶ አደረቀው። «እስቲ አሁን የት ቆሞ ያጠምዳችኋል?» አለና ሳቀ።

በሦስተኛው ቀን ሸለምጥማጥ ወደ ቆቅ ጎጆ መጣ።

«እሜቴ ቆቅ፣ ቁርሴን አሞቅሽልኝ?»

ቆቅ ልትጮኽ አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። «ቀስ በል፣ አንተ ጉደኛ! ከጮኽኩ ዝሆን ሊያድነኝ ይመጣል።»

የሸለምጥማጥ ጢም ቁልቁል ወረደ። «ኧረ በልጆችሽ! እኔም እኮ ጉድጓድ አለኝ።» ከጎኗ ተለጥፎ ተኛ። ሁለቱም ትንፋሻቸውን ዋጡ።

ነጋሪት ግን ሳይመታ መዋል አይሆንለትም። «ጌታዬ፣ ከወንዝ ማዶ ጸጥታ ሰማሁ። ቆቅ ታፍና መሆን አለበት።»

«ጎስሙ!»

ምድር ተናወጠች። «ቆቅ የታለች? ላድናት መጣሁ!» አለ ዝሆን፣ እግሩን ከእንቁላሎቹ በላይ አንሥቶ።

ቆቅ ብድግ ብላ እጅ ነሣች። «ጌታዬ፣ ምነው ረሱት? ትናንት አድነውኝ የለም እንዴ!»

የዝሆን እግር አየር ላይ ቀረ። ነጋሪቱን በጥርጣሬ አየው።

«እንዴታ ጌታዬ!» አለ ነጋሪት፣ ቆዳው እስኪመታ ቸኩሎ። «ድሉ ብቻ ነው ያልተጎሰመው።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃላችሁ?» ዝሆን ደረቱን ነፍቶ ዞረ። ሲዞር የኋላ እግሩ የሸለምጥማጥን ጉድጓድ ደፈነው።

«ቤቴን!» አለ ሸለምጥማጥ።

«ዝም በል፣ ይሰማሃል» አለች ቆቅ፣ እንቁላሎቿን ሰብስባ እያቀፈች።

ከዚያ ቀን ወዲህ ቆቅና ሸለምጥማጥ የሚጣሉት በሹክሹክታ ነው።

እናንተም ሊያድናችሁ የሚሮጥ ስታዩ፣ ልቡ ደግ ነው ወይ ብላችሁ አትድከሙ፤ እግሩን እዩ።

ተረቴ አለቀ፣ ጆሯችሁን መለስኩ።